ስለ ላቦራቶሪ ዕቃና ስለ ትክክለኛ ልክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኬሚስትሪ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





የእኛ ድርሻ ስለ ኬሚስትሪ ትምህርት መናገር ነው። የመረጥነውም አርእስት የላቦራቶሪን ዕቃ ለይቶ ስለ ማወቅና በትክክል ስለ መለካት ነው። አርእስቱ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ የመስታወት ዕቃ ስምና የቁጥር ዝርዝር ብቻ የሚነገርበት ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡን ይህ ጉዳይ ከብርካችን ውሃ፥ ከሕፃናት መድኃኒትና ከገበያችን ሚዛን ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንበል። ልክ ለሀገራችን ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጨርቁን በክንድና በስንዝር፥ እህሉን በቁና፥ ቡናውን በፈረሱላ፥ ወርቁን በወቄት ሲለኩ ኖረዋል። ወቄት የሚባለው ክብደት በአንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲመዘን የኖረ ሲሆን፥ ያ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ነጋዴው በኪሱ የያዘው ገንዘብ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው። ይህ ትልቅ ብልኀት ነው።

ሆኖም በዚህ አለካክ አንድ ችግር አለ። የአንዱ ሰው ክንድ ረጅም፥ የሌላው አጭር ነው። የአንዱ ሀገር ቁና ከሌላው ሀገር ቁና ይበልጣል ወይም ያንሳል። ፈረሱላም እንደ ዕቃውና እንደ ገበያው ይለያይ ነበር። ስለዚህ ገዥና ሻጭ ከዋጋው በፊት በመለኪያው ይከራከሩ ነበር። ይህን ክርክር ለማቆም ነው የዓለም መንግሥታት ለሁሉ አንድ የሆነ ልክ የፈለጉት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. 17 መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው የሜትርን ስምምነት ፈረሙ። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮም በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቀመጠ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራ አንድ ትንሽ ብረት የዓለም ሁሉ ኪሎ ግራም ሆኖ ኖረ። ከግንቦት 2019 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኪሎ ግራም በብረት ሳይሆን የፕላንክ ቋሚ ቁጥር በሚባለው የተፈጥሮ ሕግ ይወሰናል፤ ብረት በጊዜ ብዛት ሊለወጥ ይችላልና። በእኛም ሀገር መለኪያዎች ከዓለም መለኪያ ጋራ እንዲስማሙ የሚጠብቅ የሥነ ልክ ተቋም በአዲስ አበባ አለ። በዚህም ምክንያት በጉናጋዶ የተመዘነ አንድ ግራም በጅጅጋም፥ በአዲስ አበባም፥ በቶኪዮም ያው አንድ ግራም ነው።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። አንድ ተማሪ መጀመሪያ ወደ ላቦራቶሪ ሲገባ መስታወቱ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ሁሉም የሚያበራ፥ ሁሉም ቁጥር የተጻፈበት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሥራ አለው። የእንጀራ ምጣድ ለወጥ፥ ጀበና ለዳቦ እንደማይሆን ሁሉ፥ ለማሞቅ የተሠራው ዕቃ ለመለካት አይሆንም፤ ለመለካት የተሠራውም ለማሞቅ አይሆንም።

ቢከር አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ዕቃ ነው። ፈሳሽ ለመያዝ፥ ለማማሰልና ለማሞቅ ያገለግላል። በጎኑ ላይ ቁጥር ቢኖርበትም ያ ቁጥር ግምት ነው፤ ከመቶ አምስት ያህል ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በቢከር 100 ሚሊ ሊትር ለካሁ የሚል ተማሪ ምናልባት 95፥ ምናልባትም 105 ለክቶ ይሆናል። ኮኒካል ፍላስክ ታቹ ሰፊ፥ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ ፈሳሹ ሳይረጭ ወዝወዝ አድርጎ ለማደባለቅ ይመቻል። የእርሱም ቁጥር እንደ ቢከር ግምት ነው።

መለኪያ ሲሊንደር ግን ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። የ100 ሚሊ ሊትሩ ሲሊንደር ስሕተት ከአንድ ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከእርሱ ይልቅ የተጣራው ፒፔት ነው፤ ጥሩ የሆነ የ25 ሚሊ ሊትር ፒፔት ስሕተቱ ከአንድ ሚሊ ሊትር መቶኛ ሦስት ያህል ብቻ ነው። ቢዩሬት ደግሞ ከታች ቧንቧ ያለው ረጅም ቱቦ ሲሆን፥ በየሚሊ ሊትሩ መካከል አሥር ትናንሽ መሥመሮች አሉት፤ በእርሱም ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ ማውረድ ይቻላል። አንድ ጠብታ የአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛ ያህል ነው።

የዕቃው አፍና አንገት ለምን እየጠበበ ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ቀላል ነው። አንድ ጠብታ በሰፊ ሣህን ላይ ብትጨመር የውሃው ከፍታ መለወጡ አይታይም፤ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ግን ወዲያው ከፍ ሲል ይታያል። ስለዚህ ዕቃው ሲጠብ ዓይናችን የሚያየው ልዩነት ይበዛል። ተማሪው ይህን ምክንያት አንድ ጊዜ ከተረዳ የትኛውን ዕቃ ለየትኛው ሥራ ማንሣት እንደሚገባው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ዕቃውን ከለዩ በኋላ አነባበቡን መማር ያስፈልጋል። ውሃ በጠባብ መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ላዩ ጠፍጣፋ አይሆንም፤ ጠርዝ ጠርዙ ወደ ላይ ስቦ መካከሉ ይጎደጉዳል። ይህ ጉድጓዳ ቅርጽ ሜኒስከስ ይባላል። መነበብ ያለበት የጉድጓዱ ታች ነው እንጂ ጠርዙ አይደለም። የሚያነበውም ሰው ዓይን ከውሃው ጋራ እኩል መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች ያየ ሰው ውሃውን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ፥ ከታች ወደ ላይ ያየም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሲሊንደሩን በእጅ አንጠልጥሎ ማንበብ ደግሞ ያጋድለዋል፤ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ራስን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። መምህሮቻችን «ዕቃው ወደ እናንተ አይመጣም፤ እናንተ ወደ ዕቃው ውረዱ» ይሉናል። ይህ ቃል ለኬሚስትሪ ብቻ የሚሆን አይመስለንም።

ሚዛንም እንደዚሁ ነው። ከመመዘን አስቀድሞ ባዶው ሚዛን በዜሮ ላይ መቆሙን መመልከት ያስፈልጋል። ባዶውን ሁለት ግራም የሚያሳይ ሚዛን በተጫነበት ነገር ሁሉ ላይ ሁለት ግራም ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መቶ ጊዜ ደጋግመው ቢመዝኑ አያርሙትም፤ መቶውም ጊዜ አንድ ዓይነት ስሕተት ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች ለይተን እንናገር። አንደኛው ለእውነቱ መቅረብ ነው፤ ሁለተኛው እርስ በርሱ መቀራረብ ነው። አንድ ሰው ኢላማ ላይ አምስት ጊዜ ቢተኩስና አምስቱም ጥይት በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ቢያርፉ፥ ነገር ግን ቦታው ከኢላማው መካከል አንድ ክንድ ቢርቅ፥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ጠመንጃው ግን ጠማማ ነው። ሌላው ሰው አምስቱን ጥይት በኢላማው ዙሪያ ቢበትን እጁ አልጸናም። ጥሩ ለኪ የሚባለው ሁለቱን ያሟላ ነው፤ ደጋግሞ ሲለካ ቁጥሩ ይቀራረባል፥ የተቀራረበውም ቁጥር ከእውነቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በላቦራቶሪ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መተው አይፈቀድም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለካል። ዕቃውም ራሱ ይፈተናል።

ዕቃውን መፈተን ከባድ ነው እንዳይባል አንድ ቀላል ዘዴ እንናገር። በ20 ዲግሪ ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ 99.8 ግራም ይመዝናል። ባዶውን ሲሊንደር መዝኖ፥ እስከ 100 መሥመር ውሃ ሞልቶ እንደገና መመዘን ነው። ልዩነቱ ወደ 99.8 ከቀረበ ሲሊንደሩ እውነተኛ ነው፤ 96 ከሆነ ወይ ሲሊንደሩ ወይ ሚዛኑ ወይ አንባቢው ይመረመራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃና ሚዛን ብቻ ነው። በዚሁ ዘዴ የሻይ ብርጭቆም፥ ጣሳም፥ ጀሪካንም ስንት እንደሚይዙ ማወቅ ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው አሳባችን ደረስን። ዕቃ ሊሳሳት ይችላል፤ ዓይንም ሊሳሳት ይችላል። ከሁለቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ተማሪው መሣሪያው ያሳየውን ትቶ መጽሐፉ ይፈልጋል ብሎ ያሰበውን ቁጥር መጻፉ ነው።

ለዚህ ከዚሁ ከሀገራችን የተገኘ ምሳሌ አለ። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሁሉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። አንድ ተማሪ ጅጅጋ ላይ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ቢከትበት ግን ቁጥሩ ወደ 95 ገደማ ደርሶ ይቆማል። እሳቱን ቢጨምር ውሃው በብርቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ያ ተማሪ ምን ይጽፋል? ፈሪው 100 ብሎ ይጽፋል፤ ነጥብም ያገኝ ይሆናል። እውነተኛው ግን 95 ብሎ ይጽፍና «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ነው ወደ ዕውቀት የሚያደርሰው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ ሲጽፍ በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት አስቦ ነው። ጅጅጋ ግን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከፍታ ሲጨምር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ለየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ፥ በራስ ዳሸን ጫፍ ወደ 85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከጅጅጋ ወደ ደጋሃቡር ሲወርዱ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በደጋ ሀገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ 95 ብሎ የጻፈው ተማሪ በአንድ ቴርሞሜትር የአየርን ግፊትና የሀገሩን ከፍታ አወቀ፤ 100 ብሎ የጻፈው ግን ምንም አላወቀም።

ከዓለም ታሪክም አንድ እንጨምር። በ1892 ዓ.ም. ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ናይትሮጅን የተባለውን ጋዝ በጥንቃቄ ይመዝን ነበር። ናይትሮጅኑን በሁለት መንገድ ያገኝ ነበር፤ አንዱን ከአየር፥ ሁለተኛውን ደግሞ ከአሞኒያ። ሥራው ሲጣራ ከአየር የተገኘው አንድ ሊትር 1.2572 ግራም፥ ከኬሚካል የተገኘው ግን 1.2505 ግራም መዘነ። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህ የእጅ ስሕተት ነው» ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች አስማምቶ ባለፋቸው ነበር። ሬይሊ ግን ደጋግሞ መዘነ፤ ልዩነቱም አልጠፋም። ቁጥሩን እንዳለ አሳትሞ ምክንያቱን የሚያውቅ እንዲነግረው ሊቃውንትን ጠየቀ። በኋላም ከዊልያም ራምሴ ጋራ ሆኖ ሲመረምሩ፥ በ1894 ዓ.ም. በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል የሚሆን፥ እስከዚያ ቀን ማንም ያላወቀው ጋዝ መኖሩን አስታወቁ። ስሙም አርጎን ተባለ። በ1904 ዓ.ም. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ሬይሊ በፊዚክስ፥ ራምሴ በኬሚስትሪ። አርጎንን ያስገኘው ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር አክብሮ መያዝ ነው።

እኛም ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ የሄደ ሊቅ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በዐድዋ አጠገብ በወንዝ ዳር ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። ዶክተር አክሊሉ ግን ያዩትን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት። በዚያም የሚጠየቀው ጥያቄ «እንዶድ ይገድላል ወይ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ምን ያህል እንዶድ፥ በምን ያህል ውሃ፥ በስንት ሰዓት?» የሚል ነው። ዓይን ያየው ነገር ዕውቀት የሚሆነው በልክ ሲነገር ነው። ለዚህ ሥራ እርሳቸውና የሥራ ጓደኛቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ነው እንዳትሉን አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ሕፃን በተቅማጥ ሲታመም በሰውነቱ ያለው ውሃና ጨው ያልቃል። ለዚህ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን፥ ብዙ ሰው ለምለም የሚለውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለአንድ ሊትር ውሃ የሚሆነው ከረጢት 20.5 ግራም ይመዝናል። በውስጡ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፥ 1.5 ግራም ፖታስየም ክሎራይድ፥ 2.9 ግራም ሲትሬትና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ልክ የወሰነው ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ ነው። ግሉኮሱና ጨው በልክ ሲገናኙ በአንጀት በኩል ውሃውን ተሸክመው ወደ ደም ያስገባሉ። በ1971 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ህንድ በተሰደዱት ሰዎች መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ረዳቶቻቸው ጨውና ግሉኮስ እየመዘኑ በከረጢት አሽገው በውሃ አሟሙተው ሰጡ። ከመቶው ሠላሳ ያህል ይሞት የነበረው ሕመምተኛ በእነርሱ እጅ ከመቶው ከአራት በታች ሆነ።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት የሚያድነው ልኩ ሲጠበቅ ነው። የአንድ ሊትሩን ከረጢት በግማሽ ሊትር ውሃ የበጠበጠ ሰው ጨዉን እጥፍ አደረገው፤ ጨው የበዛበት ሕፃን ጥማቱ ይብሳል፥ እስከ መንዘፍዘፍም ያደርሰዋል። በሁለት ሊትር የበጠበጠው ደግሞ አቅጥኖታልና የጠፋውን ጨው አይተካም። «ለልጁ ብዬ ስኳር ጨመርሁበት» የሚል ወላጅም ከፍቅር የተነሣ ተቅማጡን ያብሰዋል። ከረጢቱ በሌለበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። እዚህም ላይ ማንኪያው የተስተካከለ፥ አፉ በቢላ የተጠረገ መሆን አለበት፤ ተቆልሎ የተዘገነ ማንኪያ ወደ ሁለት ማንኪያ ሊጠጋ ይችላል። እንግዲህ ሲሊንደር ማንበብን የተማረ ልጅ በቤቱ ውስጥ አንድ ሊትር የትኛው ጠርሙስ እንደ ሆነ ለእናቱ ለይቶ ምልክት ቢያደርግላት፥ ያ ምልክት የታናሽ ወንድሙን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ብርካ ነው። በእኛ አካባቢ የዝናብ ውሃ በብርካ ተጠራቅሞ ለበጋ እንደሚቆይ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ያ ውሃ ከበሽታ እንዲጠራ የጤና ሠራተኞች ክሎሪን ይጨምሩበታል። ስንት ይጨመር የሚለው ግን የሒሳብና የልክ ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ብርካ ውስጥ ያለው ውሃ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ስፋቱ 5 ሜትር፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን 100 ኪዩቢክ ሜትር፥ ይኸውም 100,000 ሊትር ይሆናል። በየሊትሩ 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይግባ ቢባል 200 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። ዱቄቱ ግን ሁሉም ክሎሪን አይደለም። ከመቶው ሰባው ብቻ ክሎሪን ከሆነ መመዘን ያለበት ዱቄት 286 ግራም ነው። ይህን ሳያስብ 200 ግራም ዱቄት የጨመረ ሰው በየሊትሩ 1.4 ሚሊ ግራም ብቻ አገባ፤ ውሃው ታከመ ሲባል ሳይታከም ቀረ። የውሃውን ጥልቀት በዓይኑ ገምቶ አንድ ሜትሩን ሁለት ያለ ደግሞ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ውሃው ይሸታል፥ ሰውም ይጠላውና ወዳልታከመ ውሃ ይሄዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጭቃ የበዛበት ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ በፀሐይና በእርጥበት የቆየ ዱቄትም ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ባለሞያዎቹ መጀመሪያ በትናንሽ ባልዲዎች ውስጥ የተለያየ መጠን ጨምረው ይፈትናሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በየሊትሩ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን መቅረቱን ይመለከቱና ለትልቁ ውሃ የሚሆነውን ልክ ከዚያ ይወስናሉ። እኛ ተማሪዎች በባለሞያው ቦታ ተተክተን በሕዝብ ውሃ ውስጥ አንዳች ነገር ልንጨምር አይገባንም፤ ነገር ግን የብርካውን ርዝመት፥ ስፋትና ጥልቀት በሜትር ለክተን ሒሳቡን ሠርተን ለማቅረብ እንችላለን። ነገ ደግሞ ባለሞያዎቹ እኛው እንሆናለን።

ሦስተኛው ምሳሌ ገበያ ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶቻችን። ሚዛን ማጓደል ትልቅ በደል መሆኑን ቅዱስ ቁርኣንም መጽሐፍ ቅዱስም በግልጥ ያስተምራሉ። ስለዚህ በላቦራቶሪ ቁጥር አለመጨመርና አለመቀነስን የተማረ ልጅ ነጋዴ ቢሆን ሚዛኑ የታመነ፥ የመድኃኒት ባለሞያ ቢሆን እጁ የታመነ፥ መሐንዲስ ቢሆን ድልድዩ የታመነ ይሆናል። የሐሰት ቁጥር የመጻፍ ልማድ የሚጀመረው በደብተር ነው፤ የሚያልቀው ግን በደብተር አይደለም።

አሁን ጥቂት ቃል ለጓደኞቻችን። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ዕቃው ለተማሪው ቍጥር አይበቃም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃ አነሰ ብሎ ትምህርቱን መተው አይገባም። መርፌው የወጣለትና ያልተሠራበት የሐኪም ስሪንጅ ጥሩ የፈሳሽ መለኪያ ነው፤ በሚሊ ሊትር የተከፋፈለ ነውና። ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጥፎ በስሪንጁ እየጨመሩ በየ50 ሚሊ ሊትሩ መሥመር ማስመር ይቻላል። ቀጥ ያለ እንጨት፥ ክርና ሁለት ክዳን ሚዛን ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ እንደ ፋብሪካው አይጣራም፤ ነገር ግን ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለክቶ ጎኑ ላይ የጻፈ ተማሪ፥ ውድ ዕቃ ይዞ ሳያስብ ከሚያነብ ተማሪ ይበልጣል።

ከዚህም ጋራ ጥንቃቄ አይረሳ። ፒፔትን በአፍ መሳብ ክልክል ነው፤ የጎማ መሳቢያ የተሠራለት ስለዚህ ነው። አሲድን ለማቅጠን አሲዱን ቀስ እያሉ ወደ ውሃ መጨመር እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ መጨመር አይገባም፤ በብርቱ ሞቆ ይረጫልና። የተሰነጠቀ መስታወት እሳት ላይ አይጣድም። በላቦራቶሪ ውስጥ አይበላም፥ አይጠጣም። ዕቃው ሥራው እንዳለቀ ታጥቦ በቦታው ይመለሳል፤ ትናንት የቀረ ጨው የዛሬውን ልክ ያበላሻልና። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ ወዲያው በደብተር ይጻፍ፤ በብጣሽ ወረቀት ወይም በልብ የተያዘ ቁጥር ሲውል ሲያድር ይለወጣል። የማይመስል ቁጥር ቢመጣም አይፋቅ፤ አጠገቡ ጥያቄ ምልክት ይደረግበትና ሥራው ይደገም።

ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ልመና አንድ ነው። የላቦራቶሪ ሥራችንን በምታርሙበት ጊዜ ቁጥራችን ከመጽሐፉ ጋራ መስማማቱን ብቻ ሳይሆን፥ እንዴት እንደ ለካን፥ ስንት ጊዜ እንደ ደጋገምን፥ ልዩነቱን እንዴት እንደ ገለጥን ተመልከቱልን። በጅጅጋ ሜዳ 95 ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ቢሰጠው፥ ሌላው ሁሉ እውነትን መጻፍ እንደማያከስር ያያል።

ለወላጆቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ የቤታችሁን ማንኪያና ጠርሙስ ልለካ ቢላችሁ አትቆጡት፤ ጨዋታ አይደለም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዞ «ይህ ማንኪያ አምስት ሚሊ ሊትር አይሞላም» ቢላችሁ አድምጡት። ወንድ ልጃችሁንም ሴት ልጃችሁንም እኩል ወደ ላቦራቶሪው ላኩ፤ በቤት ውስጥ መድኃኒት የምትበጠብጠው፥ ውሃ የምትቀዳው ብዙ ጊዜ እናት ናትና፥ ልክን ማወቅ ለሴት ልጅ በእጅጉ ያስፈልጋታል።

ንግግራችንን በአጭር ቃል እንጠቅልል። በትክክል መለካት ማለት ያየነውን ነገር ሳንጨምር ሳንቀንስ መናገር ማለት ነው። መስታወቱ ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ ሚዛኑም ቢያረጅ ይታደሳል። በተማሪው ልብ ውስጥ የሚቀረው፥ ወደ ፊትም ለሀገሩ የሚጠቅመው፥ እውነተኛውን ቁጥር የመጻፍ ልማድ ነው። ትምህርት ቤታችን ወደ ፊት በሚያከብራቸው በዓላት ከዚህ መድረክ የሚነሡት ሐኪሞች፥ የውሃ ባለሞያዎች፥ መምህራንና ነጋዴዎች በዚህ ልማድ የታወቁ እንዲሆኑ ምኞታችን ነው።